በዱላህ መሬት ላይ የሣልከው ዳገት

ደምሴ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ስድስተኛው ክረምት ገባ። የምጽፍልህ አባቴ በልጅነቴ ባስቆጠረኝ ፊደል ነው። ጽሑፌ ከተጣመመብህ አትፍረድብኝ፤ የቀኝ እጄ ጣቶች እንደ ድሮው አይታዘዙኝም። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እናትህ ከቡልቡላ መጥተው ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደክሟል እንጂ ደህና ናቸው። ልጃችን ብዙነሽ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው በቅለዋል። ስትስቅ አንተን ትመስላለች፣ ስትቆጣም አንተን። አዳማ ሰፍታለች። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የቆርቆሮ ቤት በዝቷል፤ ወደ ዝዋይም አልፎ አልፎ የጭነት ካሚዮን ይሄዳል። በቅሎ ነጂ ጓደኞችህ ግማሾቹ ወደ እርሻ ገብተዋል። ያ ትሠራበት የነበረው የቆዳ መጋዘን የእህል መጋዘን ሆኗል። የገዛው የየመን ሰው ወለሉን አዲስ አፈር አልብሶታል አሉ። እኔ አላየሁትም፤ በዚያ በኩል አላልፍም።

ዛሬ ልጽፍልህ የተነሣሁት ግን ስለ ሌላ መንገድ ነው።

ጌታህ የነበረው ፈረንሳዊው ቆዳ ነጋዴ ሙሴ ኤርቬ ድንኳን ተተክሎ ሲያርፍ ስለ አገሩ ያወራህ ነበር። አንተ ደግሞ ቤት ስትመጣ የነገረህን ሁሉ በዱላህ ጫፍ መሬት ላይ ትሥልልኝ ነበር። «ይኼ ወንዝ ነው፣ መርከብ የሚቆምበት። ይኼ የድንጋይ ድልድይ። ከድልድዩ ቀጥሎ ዳገት አለ፤ በቅሎ እንኳ የሚያለከልክበት ዳገት። እመሐሉ ላይ በር፣ ከዚያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን» ትለኝ ነበር። አገሩ በፈረንሳይ ብረታኝ እንደሚባል፣ የከተማውንም ስም የነገርከኝ አንተ ነህ። ሰውዬው ለሌላው ርኅራኄ የለውም እንጂ ስለዚያ ዳገት ሲያወራ ዓይኑ እንባ እንደሚያቀር ነግረኸኛል። ታዝንለት ነበር። አገሩ ናፍቆት ነው ትል ነበር።

የመጨረሻውን ቀን አንተው ታውቀዋለህ። ብዙነሽ አድጋ ይህን ታነበው እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። ከቡልቡላ ቆዳ ጭነህ ስትመጣ የመቂ ወንዝ ሞልቶ ሁለት በቅሎዎች ከነጭነታቸው ወሰደብህ። አንተም ልታወጣቸው ገብተህ ለጥቂት ተረፍክ። ምሳህን ይዤ መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ ልብስህ ገና አልደረቀም፤ ሙሴ ኤርቬ በጉማሬ አለንጋ ይገርፍሃል። ተሸካሚዎቹ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ጀርባህን ሲልህ ቻልከው። ፊትህን ሲልህ ግን አለንጋውን በእጅህ ያዝክና ነጠቅከው። አልመታኸውም። እግርህ ሥር ጣልከው፣ ያ ብቻ ነው። እሱ ሽጉጡን አወጣ። መጀመሪያ ሆድህ ላይ ተኮሰ። ስትወድቅ ቀረብ ብሎ ደገመህ።

ለቆዳው የሚሆን ጨው ወለሉ ላይ ተበትኖ ነበር። ደምህ ጨዉን እያቀለጠ ሲሄድ አየሁ። ራስህን ጭኔ ላይ አደረግኩት። «በቅሎዎቹ ውኃ ጠጡ?» አልከኝ። «ጠጥተዋል» አልኩህ። አልጠጡም ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተናገርክም።

ሰዉ መጋዘኑን በድንጋይ ደበደበው። ሙሴ ኤርቬን ጎትተው አውጥተው ሊቀጠቅጡት ሲሉ የሹሙ ወታደሮች ደርሰው በሰደፍ በታተኗቸው። አንዱ ተሸካሚ መንጋጋው ተሰበረ። ዳኛው ዘንድ ሄጄ ብጮህ «ፈረንጅን የሚዳኘው ቆንሲሉ ነው፤ የእኔ እጅ አይደርስበትም» አለኝ። ቆንሲሉ ዘንድ ደግሞ አሽከሩ እጁን አነሣበት ተባለና ፋይሉ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ሙሴ ኤርቬ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ፤ አገሩ ገባ ተባለ። እኔ ከዚያ ወለል ያነሣሁት አለንጋውን ነው። ምን ሊሆንሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ብዙነሽን ማብላት ነበረብኝና አንድ የፈረንጅ ሐኪም ቤት ሞግዚት ሆኜ ገባሁ። ሚስቱ ማዳም ሉሲ ደህና ሴት ነች፣ አማርኛም ለምዳለች። ሙሴ ኤርቬ በቤቷ ራት በልቶ ያውቃል። ስለ አንተ ግን አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም፤ እኔም አላነሣሁባትም። ባለፈው ዓመት «አገሬን ልጠይቅ ልሄድ ነው፤ ልጄ ካንቺ አትለይም፣ አብረሽን ነይ» አለችኝ። አገርሽ ወዴት ነው ብላት ብረታኝ አለች።

የዚያን ቀን ሥራዬን እንዴት እንደጨረስኩ አላስታውስም። እናትህ ብዙነሽን ተቀበሉኝ። «ለምን ትሄጃለሽ?» አላሉኝም፤ አለንጋውን ልብሴ መሐል ስጠቀልል ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር።

ስለ ባሕሩ ብዙ የምነግርህ የለኝም፤ ትውከት ብቻ ነው። ማዳም ሉሲ ወላጆቿ ቤት ካረፍን በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት «ሳታይው እንዳትመለሺ የምፈልገው አሮጌ ከተማ አለ» ብላ ስሙን ነገረችኝ። አንተ ስትጠራው የነበረው ከተማ ነው። አለንጋውን ከቀሚሴ ሥር ወገቤ ላይ ጠመጠምኩትና ልጇን አዝዬ ተከተልኳት።

ደምሴ፣ መንገዱ እውነት ነው። ወንዙ አለ፤ እንደ አዋሽ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። ድልድዩም አለ። ዳገቱ ከድልድዩ ጀምሮ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ድንጋዩ ከሰው እግር ብዛት እንደ ሳሙና ልሟል፤ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ያንሸራትታል። አሮጊቶች ግድግዳ ይዘው ይወጣሉ። የቤቶቹ የእንጨት ማገር ውጭ ለውጭ ይታያል። ፎቃቸው ወደ መንገዱ ስለሚያዘነብል ከላይ የሚታየው ሰማይ እንደ መቀነት ቀጭን ነው። እመሐል ላይ ያልከኝ በር አለ፤ ሥሩ ጨለማ ነው፣ የጫማ ድምፅ ያስተጋባል። ከተማውን የከበበው ግንብ የዝቋላን ተራራ ያክላል ብለኸኝ ነበር። ዝቋላን አያክልም። እዚህ ከከተማችን ዳር ያለውን ኮረብታ እንኳ አያክልም። ወይ እሱ ዋሽቶሃል፣ ወይ አንተ ለእኔ ጨምረህበታል። ይህን ሳስብ ሣቅሁ። ማዳም ሉሲ ዞር ብላ «ምን አሣቀሽ?» አለችኝ።

«ባሌ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኳት።

ፊቷን መለሰች። ከዚያ በኋላ እየቀደመችኝ ነው የወጣችው።

ከበሩ በላይ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ ጫማ ሰፊ አለ፣ ደጃፉ ላይ አበባ የተከለም አለ። ላይ ስንደርስ አደባባይ ሆነ፤ አደባባዩ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ይወጣ ነበር። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው ራሳቸው ላይ ነጭ የዳንቴል ቆብ አድርገዋል። አንዲት አሮጊት የአንድ ሰው ክንድ ተደግፈው ደረጃውን ሲወርዱ አየሁ። ሰውዬው ሙሴ ኤርቬ ነበር፤ ከመልካቸው እናቱ መሆናቸው ያስታውቃል። ወፍሯል።

ልጅቷን ከጀርባዬ አውርጄ ለእናቷ ሰጠኋት። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። አላወቀኝም፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ በአጠገቤ ሊያልፍ አለ። ያኔ ነው ውስጤ የተቃጠለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳህን ይዤ በሩ ላይ ስቆም ፊቴን አይቶት አያውቅም ማለት ነው።

«የደምሴ ሚስት ነኝ» አልኩት በአማርኛ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ፣ እሱም በአማርኛ፤ መጋዘን ውስጥ በሚናገርበት ድምፅ። አለንጋውን ስፈታ አየውና ወደ ኋላ አፈገፈገ። የመጀመሪያው ጉንጩ ላይ አረፈ፣ ተተረተረ። ሁለተኛውን እጁን አንሥቶ ሊከላከል ሲል ጆሮውን ያዘው። ሰው ይጮሃል። እሱ እናቱን ለቆ ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ያ ድንጋይ አዳለጠውና በግንባሩ ተደፋ። ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት። ተነሥቶ ሮጠ፣ ደግሞ ወደቀ። በዳቦ ቤቱ በኩል፣ በጫማ ሰፊው በኩል፣ የወጣሁበትን መንገድ ሁሉ እየገረፍኩት ወረድን። ልክ በሩ ሥር ስንደርስ ዞር ሲል ዓይኑ ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ይትረፍ አይትረፍ እስከ ዛሬ አላውቅም። መሬቱ ላይ ተጠቅልሎ በአማርኛ «በቃሽ፣ በቃሽ» ይል ነበር። አንተ አንድም ጊዜ በቃህ አላልከውም።

አንድ ግዙፍ ሰው ከኋላ መጥቶ እጄን ጠመዘዘው። አለንጋውን አልለቅም ስለው ጣቶቼን አንድ በአንድ ወደ ኋላ አጠፋቸው። ሁለቱ ሲሰበሩ ሰማኋቸው። ሌላው በጡጫ አፌን አለኝ፤ ሁለት ጥርስ ተፋሁ። ከዚያ ሰዉ ከፈል አለ፤ አሮጊቷ ግድግዳ እየያዙ ወርደው ደረሱ።

ሙሴ ኤርቬን «ለእናትህ ንገራቸው» አልኩት። «ባሌን እንደገደልክ በገዛ አፍህ ንገራቸው።»

ደሙን በመሐረብ ይዞ ወደ እናቱ ዞሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረ። ማዳም ሉሲ ልጇን ታቅፋ እያለከለከች ከኋላ ደርሳ ነበር። «እብድ ነች፣ ከቤቴ ያባረርኳት ገረድ ነች ነው የሚላቸው» አለችኝ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ ረጅም ተናገረች። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን አዳማ ስትል ሰማሁ፣ ደምሴ ስትልም ሰማሁ። ስንት ዓመት በቤቷ ያልተጠራው ስምህ በዚያ በር ሥር ጮክ ብሎ ተጠራ። ይዘውኝ የነበሩት ሰዎች እጃቸው ላላ።

አሮጊቷ ልጃቸውን አንድ ጥያቄ ጠየቁት። አጭር ነበር። ምን እንደሆነ ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባኝ። ሙሴ ኤርቬ መሬት መሬት አየ። አሮጊቷ ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ ልነሣ ብሎ እጁን ሲዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡና ዞሩ። ያን ሁሉ ዳገት ግድግዳ እየዳበሱ ብቻቸውን ወጡ። ሊደግፋቸው የሄደውንም ሰው መለሱት።

እኔን አሰሩኝ። ሙሴ ኤርቬ ግን ክስ አላቀርብም አለ። አብሮን የመጣው የማዳም ሉሲ ባል፣ ሐኪሙ፣ እንደነገረኝ ፍርድ ቤት ብንቆም የአንተም ነገር ይነሣ ነበር። ሐኪሙ በጣም ተቆጥቶ ነበር፤ በመጀመሪያው መርከብ አሳፈረኝ። ማዳም ሉሲ ወደብ ድረስ መጥታ ጣቶቼን ራሷ አሰረችልኝ። «ያኔ አዳማ ላይ መናገር ነበረብኝ» አለችኝ። አዎ፣ ነበረብሽ አልኳት። ተቃቅፈን ተለያየን። አለንጋውን ያሰሩኝ ሰዎች አስቀርተውታል፤ አልጠየቅኋቸውም።

ቤት የደረስኩ ዕለት እናትህ እግሬን አጠቡኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ደማ?» አሉኝ።

«ደማ።»

«እናቱ አየች?»

«አዩ» ብዬ አሮጊቷ ምን እንዳደረጉ ነገርኳቸው። እናትህ «ያ ኢልመ ኮ» አሉ፣ ልጄ ልጄ እያሉ በኦሮምኛ አንተን ሲያለቅሱ እንደሚሉት። ቀጥለው ግን «በዚያ ዕድሜዋ ዳገቱን ብቻዋን ወጣችው?» ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ለዚያች ሴት አላለቀስኩም ነበር፤ እናትህ ሲያለቅሱ ግን አብሬ አለቀስኩ።

ዕረፍት አገኘሁ ብዬ አልዋሽህም። ብመታው ልቤ የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ አንተን አልመለሰልኝም። እስር ቤት ያደርኩ ጊዜም፣ መርከቡ ላይም፣ የማየው ያንኑ የተደፋህበትን ወለል ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ግን ብዙነሽ አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራላት «አባዬ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አለችኝ። አሟሟትህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ያልጠየቀችኝን ልመልስላት እንደሆነ ገባኝ። እሷ የጠየቀችኝ እንዴት እንደኖርክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን በሠራኋት ቁጥር አንድ አንድ እነግራታለሁ። ከመጫንህ በፊት የበቅሎዎቹን ጆሮ እንደምታሻሽ፣ በኦሮምኛ እያቆላመጥክ በአማርኛ እንደምትቆጣቸው፣ ዘፈን ስትጀምር እኔና ጎረቤቶች ተው እንደምንልህ። የረሳሁትን እናትህ ይሞሉልኛል። አሟሟትህንም ስታድግ ታውቀዋለች፤ ጽፌልሃለሁ፣ እዚህ አለ። እኔ ግን እስትንፋስ እስካለኝ ድረስ ስምህ ሲነሣ ከሞትህ አልጀምርም። ይህን ቃል ተቀበለኝ።

አሁን ብዙነሽ ማበጠሪያውን ይዛ መጥታ ጉልበቴ ሥር ተቀምጣለች። ዛሬ የምነግራት ልታጨኝ ሽማግሌ ይዘህ የመጣህ ዕለት በቅሎህ ተፈትታ የአባቴን ጎመን የጨረሰችበትን፣ አንተም ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነሥተህ ያባረርክበትን ነው።

አስካለ