ሰርቨሩና ስምንት ሰዓት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሰርቨሩ የዝናብ ካርታ በተከፈተ ቁጥር የሳተላይት ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ሲያዘግም መሮኝ ነበር። ትናንት፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም አዋህዶ እንዲጠብቀን አዘዝኩትና ሰዓቱን 8 ብዬ ሞላሁ። ለሱ 8 ማለት ለካ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ዛሬ ቢሮው በሰው ሲሞላ ማዋሃድ ጀመረና ቀጥ አለ።

ኬንያዊቷ ባልደረባዬ ዋንጂሩ፣ "በስዋሂሊም ስምንት ነው የምንለው፤ ሰርቨሩ ግን ፈረንጅ ነው" ብላ ሳቀች።

አሁን 2 ብዬዋለሁ። አለቃችን ጋሽ ተክሌ ግን "ነገ በስምንት ሰዓት ቢሮዬ ና" ብለውኛል። እሳቸው አንዳንዴ በኛ፣ አንዳንዴ በፈረንጅ ይቆጥራሉ። የትኛው ስምንት እንደሆነ ዛሬ በምን አፌ እጠይቃለሁ? ጠዋት በሁለት ሰዓት ሄጄ እስከ ስምንት በራቸው ላይ መቀመጥ ነው።