የዳዊት ቁመት

ነሐሴ 18፣ ሰኞ። ከምሽቱ 1፡00

ሻንጣው አልዘጋ አለ። ቃልኪዳን ላዩ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ ዚፑን እጎትታለሁ፣ ዳዊት ከአልጋው ሥር ሆኖ ይስቃል። ነገ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ መድረስ አለብን።

ባለቤቴ ጌታሁን አይሄድም። የአረም ወቅት ነው፤ የግብርና ባለሙያ በዚህ ሰሞን ከገበሬ ማሳ አይነቀልም። ልጆቼን አ.አ. ወስጄ መዝናኛ ፓርክ ሳላሳይ አልሞትም ሲል የኖረው እሱ፣ የምንሄደው እኛ። አልከፋውም። ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጥቶ የዳዊትን ጫማ ቀለም ቀባለት።

ማስታወሻዬ፣ ከረሳሁ አንች አስታውሽኝ። ሎሚ፣ ለዓባይ በረሃ። ፌስታል በርከት አድርጌ። ሹራብ፤ የአ.አ. ክረምት ከእኛ ከፍኖተ ሰላም ይብሳል። የእህቴን ስልክ ቁጥር በጨርቅ ላይ ጽፌ በሁለቱም ልጆች ኪስ ውስጥ ሰፍቻለሁ፣ ግርግር ላይ ቢጠፉ። በጤና ጣቢያ እናቶችን ስመክር የምውል ሰው፣ ዛሬ ራሴን እመክራለሁ። ደስ ይላል።

ነሐሴ 19፣ ማክሰኞ። አ.አ.፣ እህቴ ቤት

ደረስን። ደከመኝ።

ሎሚው ዳዊትን አዳነው፣ እኔን አላዳነኝም። ከደጀን በታች ቁልቁለቱ ሲጀምር አስመለሰኝ። ገደል ማየት አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ያዞረኛል። ዓይኔን ጨፍኜ ወረድኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። ቃልኪዳን እጄን ይዛ ድልድዩን አለፍነው፣ አሁን ጎሐ ፅዮን ልንደርስ ነው እያለች ነገረችኝ። አሥር ዓመቷ ነው። እናት እሷ፣ ልጅ እኔ።

ለሌላ ጊዜ፦ በደረስሽ ማግስት ፓርክ አትሂጅ። ልጆቹ አንድ ቀን ይረፉ። ነገ ረቡዕ ስለሆነ ጾምም ነው፣ እናርፋለን።

ነሐሴ 21፣ ሐሙስ። ከቀኑ 6፡00፣ ፓርኩ ውስጥ

ዝናብ። ቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠልለን ነው የምጽፈው። በሥራ ቀን መምጣታችን በጀን፤ ሰልፍ የለም፣ ቅዳሜ ግን አይቻልም አሉኝ። ምሳችንን ከቤት ይዘናል። አምባሻና እንቁላል፤ ግን ከጨዋታ በፊት ብዙ አያበሏቸውም። መጀመሪያ ሽንት ቤት፣ ከዚያ ጨዋታ። ዝናብ ሲያባራ መቀመጫዎቹን ይወለውሏቸዋል፣ ያም ሆኖ ቂጥ ይርሳል፤ ቅያሪ ሱሪ ይዣለሁ።

ዳዊት በሚጋጩት መኪናዎች ጌታ ሆኗል። ከአንዱ ሲላተም በሳቅ ይፈርሳል። አባቱ ባየው።

ቃልኪዳን ሌላ ምንም አላማራትም። ከበሩ ጀምሮ ዓይኗ መርከቡ ላይ ነው፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሽቅብ የሚወጣ ትልቅ መርከብ። ዝናቡ እያባራ ነው።

ያው ቀን። ከምሽቱ 12፡30

መጻፍ አልፈልግም። ግን ለማን እነግራለሁ?

ልጆቹ ደህና ናቸው። ይኸን አስቀድሜ ልጻፍ። ተመስገን።

ከመርከቡ መግቢያ የእንጨት ሰሌዳ ተተክሏል፣ ላዩ ላይ ቀይ መስመር። ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ አይሳፈርም። ዳዊት አይደርስም። እኔ የሕፃናት ቁመት እየለካሁ እንጀራ የምበላ ነኝ፤ ሰሌዳው አጠገብ ሳይቆም ገና ከሩቅ አውቄዋለሁ።

ቃልኪዳን ብቻዬን አልወጣም አለች። አንች ነይ አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። የሰዎቹ እግር ሰማይ ላይ። እፈራለሁ፣ ይቅርብን ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ከዓባይ ወዲህ ሁለተኛ ፈርቼ እንድታየኝ አልፈለግሁም። ዳዊትም እኔ እሄዳለሁ፣ እኔ እሄዳለሁ እያለ ይዘላል።

ዛፍ ሥር ወሰድኩት። ካልሲ አጣጥፌ በጫማው ተረከዝ ሥር ከተትኩ። ቀጥ ብለህ ቁም አልኩት። ሰሌዳው አጠገብ አቆምኩት፣ ቀዩን መስመር ጨርፎ ነካ። መግቢያው ላይ የቆመው ሠራተኛ ልጁንም እኔንም አየና ጠየቀኝ፦

«እርግጠኛ ነሽ ደርሷል?»

«ደርሷል። ነርስ ነኝ» አልኩት።

አመነኝ። ምን ያድርግ።

የሚይዛቸው ብረት ለትልቅ ሰው ልክ ነው። ከዳዊት ጭን በላይ ባዶ ቀረ። መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛው ውዝዋዜ ላይ ከብረቱ ሥር ሲንሸራተት አየሁት። ቃልኪዳን በአንድ ክንዷ ብረቱን አቅፋ፣ በሌላው የወንድሟን አንገትጌ ይዛ። ጮህኩ። ሙዚቃው ዋጠኝ። ሰውየው ከፊቴ አውቆ ነው ያቆመው።

ዳዊት ሲወርድ ሱሪው ርሷል። አላለቀሰም። ቃል አልተነፈሰም። የቃልኪዳን ክንድ አብጧል፤ ዳሰስኩት፣ አልተሰበረም።

ታክሲ ውስጥ ለቃልኪዳን ነገርኳት። አባትሽ እንዳይሰማ፣ ደረጃ ላይ ወደቅሁ በይ። እሺ አለች። ብታኩርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 23፣ ቅዳሜ። ፍ/ሰላም

ጌታሁን ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያ ጠበቀን። ዳዊትን ሊያቅፈው ሲል ልጁ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ከመሬት መነሳት አልፈለገም። መርከቡን አየኸው ወይ? ዝም። ክንድሽን ምን ሆንሽ? ቃልኪዳን ያስጠናኋትን ተናገረች። ደረጃው እርጥብ ነበር ብላ ከራሷ ጨመረችበት። እንዴት አሳምራ እንደዋሸች! እኔ ነኝ ያስተማርኳት።

ጌታሁን ክንዷን በቅባት አሸላት። ደስ ብሎታል ሰውየው፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ልጆቼ ፓርክ ገብተው መጡ ይላል።

ነሐሴ 25፣ ሰኞ። ጤና ጣቢያ፣ የምሳ ሰዓት

ጠዋቱን ሙሉ ሕፃናት ስለካ አረፈድኩ። እናቶቹ ቁጥሩን ስነግራቸው ያምኑኛል። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሺ መጣች። ካርድ ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ ናት፤ ከአዲስ ዓመት በፊት ልጇን ሚኪያስን ይዛ እዚያው ፓርክ ልትሄድ ነው። ንገሪኝ አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። ሎሚውን፣ ሹራቡን፣ በሥራ ቀን መሄዱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቅያሪ ሱሪውን፣ ልጁ ቢጠፋ የት ቆመሽ እንደምትጠብቂው አስቀድመሽ አሳይው ብዬ። እንደ እኔ የሚመክር የለም።

ከዚያ ጠየቀችኝ። የኔው አጭር ነው፣ መርከብ የሚሉት ላይ ያወጡታል ወይ? እንደ ሠራተኛው ነው አልኳት። ወፍራም ሶል አደርግለታለሁ ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ።

ሳቅሁ፣ ማስታወሻዬ።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ

ዳዊት አሁንም አይናገርም። ውኃ ሲፈልግ ይጠቁማል። ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ መሬት ላይ ሆኖ ነው ምግቡን የሚበላው። አልጋውን ያርሳል። ለእህቱ ብቻ አልፎ አልፎ ያንሾካሹካል።

ጌታሁን እንቅልፍ አጣ። ዓይን ነው ይላል፤ አ.አ. ላይ የበላው ዓይን አለ። ቡሬ ወላጆቼ ዘንድ እንውሰደው፣ ጸበል ይጠመቅ አለ። በጸበሉ ምን አለኝ፣ እኔም አምናለሁ። ግን የምን ዓይን? የልጁን በሽታ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ መነሻውን ሳልናገር እሺ አልኩ። ሌላ እናት እንዲህ ብታደርግ ምን እላት ነበር?

ነሐሴ 30፣ ቅዳሜ። ቡሬ፣ ገጠር

አባባ፣ የጌታሁን አባት፣ በቅሏቸውን ጭነው መንገድ ድረስ ወረዱ። ዳዊት ሁልጊዜ ከፊታቸው ተፈናጦ ነው ቤት የሚገባው። ዛሬ ሊያነሱት ሲሉ የእህቱን ቀሚስ ጨምድዶ ያዘ። አባባ በቅሏቸውን እየሳቡ ከእሱ ጋር በእግራቸው ሄዱ፣ በጭቃው፣ በዚያ እድሜያቸው።

ከሰዓት በኋላ ቃልኪዳንን አስከትለው የበርበሬውን ማሳ ሊያዩ ወጡ። ቆዩ። ሲመለሱ ጌታሁን የጸበሉን ነገር አነሳ። ጸበሉ የትም አይሄድም፣ ልጁን ምን እንዳስደነገጠው ይታወቅ መጀመሪያ አሉት። ወደ እኔ አላዩም።

ማምሻውን ጓሮ ብቻዬን አገኙኝ።

«ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አሉኝ። «እኔ ግን ሸምግያለሁ፤ ሳያድር የጠራውን እወዳለሁ።»

መንገዱ አድክሞት ነው አባባ አልኳቸው።

«ይሁን» አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ። ከሥራ መልስ

የሺ ነገ ትሄዳለች። ዛሬ ካርድ ክፍል አዲስ ጫማ አሳየችኝ፣ የሚኪያስን። ሶሉ ወፍራም ነው። ለመርከቡ ብላ በአንድ ዓይኗ ጠቀሰችኝ። ባለፈው ወር ሚኪያስን የለካሁት እኔ ነኝ። ከዳዊት እንኳ ያንሳል።

አፌን ከፈትኩ። ታካሚ ገባ። ታካሚው ሲወጣ የሺ የለችም። ታካሚውን ሰበብ አደረግሁት፣ እውነቱ ይኸ ነው። ጮኼ ልጠራት እችል ነበር።

ብነግራት ከተማው ይሰማል። ነርሷ ልጇን ልትገድል ነበር ይባላል። ጌታሁን ከሰው አፍ ይሰማዋል።

ብተወው ደግሞ ሚኪያስ እህት የለውም። አንገትጌውን የሚይዘው ማን ነው?

ጳጉሜን 3፣ ማክሰኞ። ከጠዋቱ 1፡00

ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ሄድኩ። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፣ የሺ ሚኪያስን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። ምነው፣ ምን ረሳሽ አለችኝ።

«የሺ፣ መርከቡ ላይ እንዳታወጭው። እኔ ዳዊትን ጫማው ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቄ አወጣሁት። ብረቱ አልያዘውም። ቃልኪዳን በአንገትጌው ባትይዘው ወድቆ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አይናገርም።»

ረዳቱ ግቡ፣ ግቡ ይላል።

«ያን ቀን ስጠይቅሽ?»

«ዋሸሁሽ።»

አልሰደበችኝም። ሚኪያስን መሬት አቆመችው፣ ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ ከእግሩ አወለቀች፣ የድሮውን ከዘንቢሏ አውጥታ አደረገችለት። ሳትሰናበተኝ ገባች። ልክ ናት።

ብቻዬን ተመለስኩ። ግን ቀለለኝ፤ ትንሽ ነው የቀለለኝ።

ያው ቀን። ከቀኑ 9፡00

የሩፋኤል ዝናብ እየጣለ ነው። የሰፈሩ ልጆች ተራቁተው ውጭ ይጨፍራሉ። ዳዊት ደፍ ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። ቃልኪዳን አጠገቡ።

ሄጄ አብሬያቸው መሬት ተቀመጥኩ። ለቃልኪዳን ነገርኳት፤ ዛሬ ለአባትሽ እናገራለሁ፣ ከእንግዲህ መዋሸት የለብሽም አልኳት። አቀረቀረች። ከዚያ ተናገረች። ለአያቷ ነግራቸዋለች፣ ያን ቅዳሜ በርበሬው ማሳ ውስጥ። አላስቻላትም።

«ለአባቴም ልንገረው ወይ ስላቸው፣ ተይ አሉኝ። እናትሽ ራሷ ትነግረዋለች፣ እኔ አውቃታለሁ አሉ።»

አውቃታለሁ። እኔ ያን ጊዜ ዓይናቸው እያየ ስዋሻቸው።

ማልቀስ ጀመርኩ። ዳዊት ዞሮ አየኝ። ለእሱም መንገር ነበረብኝ፣ ለሁሉም ሳስብ እሱን ረስቼው። መርከቡ ላይ ከእህትህ ጋር መውጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ፈርቼ አንተን ሰደድኩህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩት። ፊቴን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ፦

«አንችም ትፈሪያለሽ?»

ሙሉ ቃል። ጮክ ብሎ። ቃልኪዳን እጄን ጨበጠችኝ።

በጣም እፈራለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልተናገረም። ግን ጀርባውን ጎኔ ላይ ጥሎ ዝናቡን ማየት ቀጠለ።

ያው ቀን። ከምሽቱ 12፡00

ጌታሁን ከማሳ ሊመለስ ነው። ነገ ለጸበል ከአባቱ ጋር ተቀጣጥሯል። ጸበሉ አይቀርም፤ የሚሄደው ግን እውነቱን አውቆ ነው።

ብቻውን ጓዳ ጠርቼ ልነግረው አስቤ ነበር፣ ልጆቹ ሳይሰሙ። ፊቴን እንዳያዩ። አሁን ተውኩት። ቃልኪዳን አባቷን የዋሸችው እኔ ፊቷ ቆሜ እየሰማሁ ነው። ውሸቱን ስመልሰውም ትስማኝ። ዳዊትም ይስማ። ይቆጣል፤ ይቆጣ። ምናልባት ለብዙ ቀን አያናግረኝም። ከራት በፊት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት።

የግቢው በር ተከፈተ። ቦቲውን እያራገፈ ነው። ዳዊት ከመሬት ተነስቶ ወደ በሩ እየሄደ ነው፣ ቃልኪዳን እኔን ታየኛለች፣ ልሂድ።