በጾም ያልቀመስሁት ወተት

ለውድ እህቴ ለእትዬ አስካለ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከብርዱ አገር ተነሥቶ አርባ ምንጭ እስኪደርስ በመንገድ እንዳይቀዘቅዝ እያልሁ፣ እንዴት ከረምሽ እላለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል ብለሽኝ ነበር፤ ለቀቀሽ ወይ? የጋሽ ዘርአ ዳዊት የስኳር ሕመምስ ጋብ አለለት? ያን ማር የተቀባ ዳቦ ተወ ወይስ አሁንም ካንቺ ተደብቆ ይበላል? ቤዛስ ደህና ናት? ገብረአማኑኤልስ ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ አምላክ ይመስገን። የባለቤቴን የሸዋረገድን አራተኛ ሙት ዓመት በጥቅምት አሰብን። መቃብሯ አጠገብ የተከልኋት ጽድ ደረቴ ደርሳለች።

መልእክትሽ ደርሶኛል። ልጅሽ ሰይፈሥላሴ መድረክ ላይ ቆሞ «ምሳሌ የሚሆን ወጣት ሥራ ፈጣሪ» ተብሎ ሲሸለም የተነሳውን ፎቶ ልኮልሽ፣ እልል ብለሽ ጎረቤት ጠርተሽ እንዳሳየሽ ነገርሽኝ። ቤዛም ሱቅ ልትከፍት ስለሆነ «ወንድሟን ለዚህ ያበቃው ምን ምን ጠባይ እንደሆነ ጽፈህ ላክልኝ፤ እህቱም ትማርበት» ብለሻል። ይኸው እየጻፍሁልሽ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ ድምፅሽን ስሰማ እዋሻለሁ ብዬ ስለፈራሁ ነው። ስታነቢው እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፤ ግን ቤዛ እንድትረዳው ከሥሩ ልጀምር። እዚህ ደብረ ብርሃን በአንኮበር መውጫ ያለው ቤታችን ጠዋት ጠዋት ከገበሬው ወተት ይቀበላል። ከፊሉን እዚሁ ለከተማው ሰው እንሸጣለን፤ የተረፈውን የአዲስ አበባ መኪና ይወስደዋል። ወተት ስንቀበል መለኪያዋን እንነክራለን፤ ውሃ የገባበት ከሆነ ትሰምጣለች። ከዚያ ደግሞ እንቀምሳለን። መለኪያ ይታለላላ! ውሃ የጨመረ ሰው ጨው ከነሰነሰበት መለኪያዋ መልሳ ከፍ ትላለች። ምላስን ግን ጨው አያታልላትም።

እኔና ሸዋረገድ ጾመኞች ስለሆንን ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም በገናም ጾም ወተት አፋችን አይገባም ነበር። ለዚያ ነው ሸዋረገድ የአሊዩ አምባዋን ነሲባን ያመጣቻት። በእኛ ጾም ነሲባ ትቀምሳለች፤ በእሷ ረመዳን እኛ እንቀምሳለን። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሸዋረገድ ስትሞት ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ይዛ የቆየችው ነሲባ ነበረች።

ልጅሽ ሰነፍ አይደለም፤ ይህን አልክድም። ከሦስት ዓመት በፊት ስትልኪው ወተት ሲፈላ አይቶ የማያውቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላው በባጃጅ እየዞረ ከየገበሬው ደጅ ወተት ማንሳት ጀመረ። በስልክ ትእዛዝ መቀበል አስለመደን። የፋብሪካ ሠራተኞቹ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች፣ ከሌላ አገር መጥተው እዚህ የሰፈሩት ሁሉ «ሰይፉ፣ ሰይፉ» ይሉታል። ሲስቅ አብሮት የማይስቅ የለም። እኔም በእሱ ስኮራ ነበር የከረምሁት።

በዚህ ዓመት የገና ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሜዳው በውርጭ ነጭ ባለበት ጠዋት፣ ነሲባ ሰይፉ በባጃጅ ካመጣው ጀሪካን ቀምሳ እንትፍ አለች። «ጋሼ፣ ይቺ ላም የምታድረው ጨው መጋዘን ውስጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። ገበሬዎቹ ሳቁ። ሰይፉም አብሮ ሳቀና «ነሲብዬ፣ አያቶችሽ ጨው ሲነግዱ ኖረው ላንቺ ሁሉም ነገር ጨው ጨው ይልሻል» ብሎ መለኪያዋን ነከረ። ልክ ነበረች። ነሲባ ግን አልሳቀችም። ኩባያውን ይዛ እፊቴ ቆመች። «ይቅመሱት» አለችኝ። ጾም ነኝ አልኋት። «እንግዲያው ያሽቱት» አለች። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተደፍኗል አልኋት።

እትዬ፣ አፍንጫዬ አልተደፈነም ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ከሳምንት በኋላ ሰይፉ «አጎቴ፣ ደንበኛ ፊት እየተፋች ገበያችንን ልትገድለው ነው» አለኝ። እኔም ነሲባን ጠርቼ «እስከ ገና እረፊ፤ ስንፈስክ እጠራሻለሁ» አልኋት። ትክ ብላ አየችኝ። «ስትፈስኩማ የእኔ ምላስ ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ሻሿን አጥብቃ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወተቱ ተለወጠብን የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሰይፉ «ዕቃ በደንብ አታጥብም ነበር፤ አሰናብተናታል» ይል ጀመር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሰማለሁ፤ የጀሪካን ክዳን እያጠበቅሁ ዝም። ገና አልፎ ከፈሰክን በኋላ እንኳ የገበሬዎቹን እንጂ የእሱን ጀሪካን አልቀምስም ነበር። «አይድከሙ አጎቴ፣ የእኔን እኔ አየዋለሁ» ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ።

ጥር ላይ የሥራ ፈጣሪዎች ሥልጠና ተደረገና እኔንም ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ጫማው የሚያብለጨልጭ አሠልጣኝ ግድግዳው ላይ አሥር ጠባይ ጻፈ። ስኬታማ ሰው ደፋር ነው፣ በራሱ ይተማመናል፣ ሰው ያሳምናል፣ ሌላው ያላየውን ዕድል ያያል፣ ወድቆ ይነሳል፣ እንዲህ እያለ ወረደ። በመጨረሻ ሰይፉን ለሽልማቱ መድረክ ላይ አውጥቶ «መጽሐፉን በእግሩ ሲሄድ ማየት የምትፈልጉ ይኸውላችሁ» አለ። አዳራሹ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብሁ።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ራሔል መጣች። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ የዓመት ልጅ ያላት ደንበኛችን ናት። በጡጦ ወተት ይዛለች። «አባቴ፣ ልጄ ጤና ጣቢያ ሦስት ቀን ተኝታ ወጣች» አለችኝ። «ልጣላዎት አልመጣሁም። ይቺን ብቻ ይጠጡልኝ።» ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጾም የለም። ማምለጫ አጣሁና ጠጣሁት። ጨው ነው። ከጨው ሥር ደግሞ የከረመ ውሃ ሽታ አለው። ሰይፉ የሚቆልፈውን የጓሮ ክፍል በር በመዶሻ ሰበርሁት። ከክረምት ጀምሮ ከቆርቆሮ የወረደ ውሃ በበርሜል ተጠራቅሟል፤ ላዩ አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሷል፤ መካከሉ ላይ አንዲት አይጥ አብጣ ተንሳፍፋለች። አጠገቡ የጨው ከረጢትና መጥለቂያ ጣሳ አለ። እዚያው በሩ ላይ አስታወከኝ። ራሔል ከኋላዬ ቆማ አይታዋለች። ጡጦውን ከእጄ ተቀብላ ሄደች።

ሰይፉ ሲመጣ አልካደም። «ሁሉም ያደርገዋል አጎቴ። በጾም ወተት ይረክሳል፤ እኔ መውጫ መንገድ ፈለግሁ እንጂ ሰው አልገደልኩም» አለኝ። አይጧን ሳሳየው ተጸይፎ ፊቱን እንኳ አላዞረም። ጆሮዋን ይዞ... ይህን መጻፍ ይቀፈኛል፤ ይቅር። ስጮህበት ግን ረጋ ብሎ «እርስዎስ ካላወቁ ለምን አልቀመሱም? ነሲባ እኮ አፍዎ ድረስ አምጥታልዎት ነበር» አለኝ። ያንኑ ማታ ከቤቴ ወጣ።

አሥሩ ጠባይ የተጻፈበት ወረቀት ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አንዱም ሐሰት አይደለም፤ ለቤዛ ሁሉም ይጠቅማታል። ግን አንድ በአንድ ሳነበው ምራቄ ይመርረኛል። ደፋር ነው? በአጎቱ አፍንጫ ሥር ጨው የነሰነሰ ልጅ እንዴት ደፋር አይሆን! ያሳምናል? እኔን አሳምኖ ሚስቴ ያመጣቻትን ሰው አስባረረኝ። ዕድል ማየትማ ከእሱ ወዲያ ላሳር ነው፤ በጾመኛ ከተማ ወተት የማይቀመስበትን ወራት ለይቶ አየ። ወድቆም ይነሳል፤ ያን ፎቶ የላከልሽ ከቤቴ ከወጣ በኋላ ነው እኮ፣ እትዬ።

ወረቀቱ ላይ የሌለ አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጸየፍ ነው። ሸዋረገድ አንዲት ፀጉር ወተት ውስጥ ካየች ጀሪካኑን በሙሉ ትደፋው ነበር። «ኧረ አንቺ ሴት፣ ፀጉሯን አውጥቶ መጣል አይበቃም?» እያልሁ እቆጣት ነበር። አሁን ሳስበው ሥራችንን ያቆመው ያ ተጸያፊነቷ ነው። ነሲባም እንትፍ ያለችው ጠባይ አጥታ አይደለም። ሁለቱ ሴቶች የሚያንገሸግሻቸውን ለሌላ ሰው ልጅ አይሰጡም ነበር። ልጅሽ ይህ የለውም። እኔ ነበረኝ፤ ግን ልጅሽ ውሃውን በጨው ሲሸፍን እኔ በጾሜ ሸፈንሁለት። ስልሳ ዓመት የተጠጋ ሰው፣ ኪዳን የማያስታጉል፣ እግዚአብሔርን እንደ መጋረጃ ስቦ ጀርባው ተቀመጠ። አይጧን ከተጸየፍሁት ይልቅ በዚህ ራሴን እጸየፋለሁ።

በማግሥቱ ያለውን ወተት ሁሉ ደፍቼ፣ ደንበኛውና ገበሬው በተሰበሰቡበት «ጨውና የበርሜል ውሃ ጠጥታችኋል። ነሲባ ነግራኝ ነበር፤ እሷ ንጹሕ ናት። ጥፋተኞቹ እኔና የእህቴ ልጅ ነን» አልሁ። ሽማግሌው ወልደተንሣኤ የሚባለው ገበሬ «ወልደአረጋይ፣ ይሄን ለንስሐ አባትህ ብትነግራቸው አይሻልም?» አለና ሰው ሳቀ። እናንተን ነው ያጠጣሁት፣ እሳቸውን አይደለም አልሁት። ሳቁ ቆመ። ብዙ ደንበኛ አልተመለሰም። ራሔልም አልተመለሰችም፤ ልጇ ግን ድና ስትሄድ አይቻለሁ።

ወደ ነሲባ ለመውረድ ግን ከወር በላይ አመነታሁ። ዘንድሮ ሁዳዴያችንና ረመዳናቸው ገጥመዋል። በአንኮበር በኩል ወርጄ አሊዩ አምባ ገበያ ውስጥ ከባሏ ከዘይኑልአቢዲን ጋር በርበሬ ስትሸጥ አገኘኋት። ሰው እየሰማ በድዬሻለሁ አልኋት። «አፉ ብያለሁ ጋሼ» አለችኝ። «በረመዳን ቂም አልይዝም። ግን አልመለስም። እዚያ ከተማ ለእኔ የቀረልኝ ስም ‹ዕቃ የማታጥበዋ› ነው።» ስሟን በሰው ፊት እንዳነጻሁላት ነገርኋት። «እርስዎ አንድ ቀን ተናገሩ፤ እሱ ሁለት ወር ነው የተናገረው» አለችኝ። ታዲያ በጾሙ ማን ይቀምስልኛል፣ አንቺም ጾመኛ ነሽ ብላት ከት ብላ ሳቀች። «እኛ ዘንድ የምታበስል ሴት ለሰው ብላ በምላሷ ጫፍ ነክታ ብትተፋው ጾሟ አይፈርስም ይላሉ። እናንተ ዘንድ ለሰው ተብሎ የሚተፋ የለም?» ዘይኑልአቢዲን «ተያቸው እንጂ፣ መንገድ የደከማቸው ሰው ናቸው» አላት። እሷ ግን መልሴን ትጠብቅ ነበር።

ያን ጥያቄ ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ሀብተማርያም ሄድሁ። እስክጨርስ ሰሙኝና «አልፈቅድልህም ብልህ ደስ ይልሃል፣ አይደለም?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ልቤ ያንን ነበር የሚመኘው። «ቅመስ፣ ትፋው፣ አፍህን ተጉመጥመጥ። ግን በጓዳ አይደለም፤ ሰው እያየህ። ወልደአረጋይ ሁዳዴን ገደፈ ይሉሃል። አትመልስላቸው፤ ንስሐህ እሱ ነው» አሉኝ።

ሰይፉ ከጓደኞቹ ዘንድ ከርሞ ባለፈው እሁድ ሻንጣውን ይዞ ከከተማው ወጣ። ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። አጎቴ ቀናብኝ ይልሻል፤ አሳምሮ ስለሚነግርሽ ታምኚዋለሽ። ልጅሽ ነውና አብይው፣ አሳርፊው። ከቤዛ ሱቅ ግን እጁን አርቂልኝ። አሊዩ አምባ ወርዶ በዚያ ገበያ መካከል ነሲባን ይቅርታ የጠየቀ ዕለት እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አልወስደውም። ይህን ስጽፍ የምትይኝ ሁሉ ይሰማኛል። አደራሽን ባለመጠበቄ ከሁሉ በፊት ይቅርታ የምጠይቀው አንቺን ነው።

ለጋሽ ዘርአ ዳዊት ሰላምታዬን ጉልበቱን ስሜ እንደማቀርብ አድርገሽ ንገሪልኝ። ገብረአማኑኤልን በግንባሩ ሳሚልኝ። ለቤዛ ይህን ደብዳቤ ራሷ እንድታነበው ስጫት፤ አትደብቂያት። ጉልበትሽን አምላክ ያጽናልሽ። ብትቆጪኝም ቁጣሽን ጽፈሽ ላኪልኝ እንጂ ዝም አትበይኝ፤ ዝምታ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት የሰንበቴ ማኅበርተኛዬ መንገድ ላይ ቆማ ስተፋ አየችኝና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አማተበች። ሰላም አልኋት፤ ሳትመልስልኝ አለፈች። ወተቱ ጥሩ ነበር። ወደሚቀጥለው ጀሪካን ሄድሁ።

ወንድምሽ ወልደአረጋይ
ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.