የእትዬ መስመር ቁልፎች

የካቲት 3፣ ሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ዛሬ ጠረጴዛ ሥር ተኝቼ ደስ አለኝ። ያሳፍራል። ግን እውነት ነው።

ቢሮው የስዕል ፕሮግራሙን በአዲስ ሊቀይር ነው። ከዚያ በፊት ኮምፒውተሮቹ በሙሉ መዘጋጀት አለባቸው። አቧራቸው ይነፋል፣ ስዕሎቹ ወደ ቢሮው ዋና ኮምፒውተር፣ ወደ ሰርቨሩ፣ ይገለበጣሉ፣ ኮተቱ ይወገዳል። ኬብል ያሳየኛል፣ እኔ እሠራለሁ። ኬብል የምንለው ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሰውዬ ነው። አንገቱ ላይ ሽቦ ጠፍቶ አያውቅም።

ጠረጴዛ ሥር ማንም አያየኝም። "ምነው ዝም አልሽ?" የሚል የለም። እኔም የማየው ጫማ ብቻ ነው። ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ የቢሮው ባለቤት፣ ሲያልፉ "ይቺ ልጅ መጥታለች እንዴ?" አሉ።

መጥቻለሁ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እትዬ መስመር... እውነተኛ ስማቸው አይደለም። አርክቴክቶቹ የጫሩትን እሳቸው ናቸው አስተካክለው የሚስሉት። መስመራቸው ውልፍት አይልም። ስሙም ከዚያ መጣ።

ምሳ ሲወጡ ኮምፒውተራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ በደንብ መሥራቱን ልይ ብዬ የመስመር ቁልፉን ስጫን ግድግዳ መጣ። የግድግዳውን ስጫን በር። ሁሉም ዝብርቅርቅ! ሲመለሱ፣ "እትዬ፣ ይሄ ተበላሽቷል... ላስተካክለው?" አልኩ።

"እንዳትነኪው!"

ደነገጥኩ። እሳቸውም ደነገጡ። ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና ግራ እጃቸውን ከሹራባቸው ኪስ አወጡ። ሦስቱ ጣቶች አይታዘዙም። ለካ ትእዛዞቹን ሁሉ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ወደሚደርሱበት ሰብስበዋቸዋል። አንድ በአንድ፣ በራሳቸው።

"ማንም አያውቅም። አንቺም አታውቂም። ገባሽ?"

"ጋሼ እኮ ክፉ አይደሉም..."

"ክፉማ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ አብረውን ይሠሩ ነበር። 'ይረፉ' ብሎ ማህደር ክፍል አስገባቸው። ከዚያ ወዲህ ስዕል አልነኩም። በእረፍት ነው የቀበራቸው፣ ልጄ።"

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ስገለብጥ ዋልኩ። የእትዬን እጅ ላለማየት ስታገል ይበልጥ አየሁት።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ኬብል አዲስ ትእዛዝ ይዞ መጣ። የየሰዉ የግል ሴቲንግ፣ የቁልፎቹ አደራደር ሁሉ፣ ይጥፋ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። "አዲሱ ፕሮግራም የድሮ ሴቲንግ ሲያገኝ አንዳንዴ ይንገዳገዳል። ከሥሩ ንጹሕ ይሁን" አለ።

በሩ አጠገብ ከሚቀመጠው ከቀልደኛው ጀመርኩ። የሱን አጠፋሁ። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሲራገም ዋለ። "ኧረ ቁልፎቼን! ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል?" መስኮት ሊስል ደረጃ ይመጣበታል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሥር ጣት ያለው እንዲህ ከሆነ...

ቀጣዩ የእትዬ ነበር። ተቀመጥኩ። "ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀኝ ኮምፒውተሩ። አይጥፋ አልኩትና ተነሣሁ።

ኬብልን ጠየቅኩት። "ሴቲንጉን ወደ አዲሱ ማሻገር አይቻልም?"

"እንዴ! ምላስ አለሽ ለካ!" ሳቀብኝ። "ይቻላል። ግን ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ መሞከር ይፈልጋል። ጋሼሽ ካዘዙ እሺ። ለአንድ ሰው ብለው ግን አያዙም። 'ለምን?' ነው የሚሉት።"

ለምን። እሷን ጥያቄ ነው የማልመልሳት።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጋሼ ሰው ሁሉ ፊት ጠሩኝ። "ያ ማሽን ለምን ቀረ?" ጣታቸው ወደ እትዬ ጠረጴዛ።

የያዝኩትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ረሳሽው?"

"አይ።"

"አቃተሽ?"

"አይ... አልፈልግም።"

የሆነ ሰው እርሳስ ከእጁ አመለጠው። ቀልደኛው በሹክሹክታ "ድንጋይ አፍ አወጣ!" አለ።

"ለምን?"

"አልናገርም።"

ጆሮዬ ነደደ። ዓይኔን ግን አልሰበርኩም! ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ሰኞ ጠዋት ወይ ታጠፊዋለሽ፣ ወይ ምክንያትሽን ትነግሪኛለሽ። አለዚያ እናትሽ ጋ ቁጭ ትያለሽ።"

እትዬ ስክሪናቸውን ያያሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንድ! ተናደድኩባቸው። ይሄን ስጽፍም እንደተናደድኩ ነኝ። ቢሆንም አልናገርም። ንዴቱ የኔ ነው፣ ምስጢሩ የሳቸው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

እናቴ ሰምታለች። "ትምህርቱን ተውሽ፣ ዝም አልኩሽ። ይሄንንም? ወንድሜን ደጅ ጠንቼ ነው እኮ ያስገባሁሽ! ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም አልሆንኩም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ሥራ እምቢ ይላል?"

ይላል።

ዛሬ ግማሽ ቀን ነበር፣ ጋሼም አልገቡም። መንገድ ላይ ሳስብ... ለአንድ ሰው ሲሆን ነው "ለምን" የሚመጣው። ለሁሉም ከሆነስ?

ሳልጠራ ሰው ጠረጴዛ ጋ ሄጄ አላውቅም። ሄድኩ። ቀልደኛውን "የጠፋው ሴቲንግ ከስዕሎቹ ጋር ተገልብጦ ሰርቨር ላይ አለ፣ ቢመለስ..." ብዬ ሳልጨርስ፣ "አንቺ ሙች፣ ዳቦ እቆርስልሻለሁ!" አለ። መስኮቱ ሥር ያለችው አርክቴክት ደግሞ፣ "የኔን ብትነኪ እንቀያየማለን" አለች። እየሳቀች ነው፣ ግን የምሯን ነው። ሌሎቹም እንዲሁ። ለካ ሁሉም ሰው ከራሱ አመል ጋር ነው የሚኖረው።

እትዬ ጋ ስደርስ ለሌሎቹ ያልኩትን ያንኑ አልኳቸው። ሰው እየሰማ ነው።

"እኔም ለምጄዋለሁ፣ ይቆይልኝ" አሉ። እንደ ማንኛውም ሰው። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

የካቲት 9፣ እሑድ

እናቴ አላናገረችኝም። የሥራ ልብሴን ግን ተኩሳ አልጋዬ ላይ አስቀምጣለች። ሂጂና ይቅርታ ጠይቂ ማለት ነው? ወይስ ሂጂ ብቻ? አልጠየቅኳትም።

ነገ እስኪጠሩኝ አልጠብቅም። የጋሼን በር አንኳኩቼ እገባለሁ። "የማንንም አላጠፋም። ሁሉም ይፈልገዋል፣ ይሻገርላቸው" እላለሁ። ኬብል ጊዜ የለኝም ካለ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው እሞክራለሁ። "ለምን?" ካሉ ወጥተው ሠራተኞቹን ይጠይቋቸው። የየሰዉን መልስ ይሰማሉ፣ የእትዬም ከመሃል አንዱ ነው። "ውጪልኝ" ካሉኝ... እወጣለሁ። ሳላጠፋ።

ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጥቀጣ!