በመዳፍ የተመዘነው ደብዳቤ

ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 9

ደብዳቤ በመዳፍ አይመዘንም። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ተማሪዬ ነበር፤ ግራም ምን እንደሆነ ያስተማርሁት እኔው ነኝ። ገዳም ገብቶ ስልክ ለማይዘው ወንድሜ የእናታችንን መታመም በጻፍሁበት ደብዳቤ ውስጥ እሷው ጧፍ ጨምራ ነበርና “መዝነው” አልሁት።

“ጋሼ፣ እጄ ሚዛን ነው!” ብሎ ሳቀና አንድ ቴምብር ለጠፈበት።

ዛሬ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ “ቴምብሩ አይበቃም” ተብሎ ተመለሰ። ራሴ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥሁት፤ ሁለት ቴምብር ያስፈልገው ነበር።

“ጋሼ፣ የጎደለው እኮ ትንሽ ነው፤ ምን ያስቆጣዎታል?”

ትንሽ! እናቴ አልጋ ከያዘች ጀምሮ በየማለዳው “ልጄ መጣሁ አላለም?” ትለኛለች። እኔም ዝም አለን ብዬ ወንድሜን ስወቅስ ከረምሁ።

አሁን በሁለት ቴምብር ሄዷል። ወንድሜ አባ፣ ዓይኗ ሳይከደን ይድረሱላት፤ መምጣት ባይችሉ እንኳ ቶሎ ይጻፉልን።