አባባ በተቀበረ ቀን ብስክሌት ነዳሁ

ማክሰኞ፣ ጁላይ 21፣ ጠዋት። ኧርቪንግ።

ሻይ ፈልቷል። አልጠጣሁትም። ፍራሹ ሳሎን መሬት ላይ ተነጥፏል፤ ሰው እስኪመጣ እሱ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሥራ አልገባሁም፤ ኤርፖርት ደውዬ ዊልቼር የሚገፋ ሌላ ሰው ፈልጉ ብያለሁ። ኤሲው ይጮኻል። ውጭው ገና በጠዋቱ እሳት ነው።

ደብተር፣ አንተንም ተቀይሜሃለሁ። ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ስዊዘርላንድ እህቴ ቤት ሆኜ፣ አንተ ላይ አንድ ገጽ ሙሉ ደስታ ጻፍኩ። ሐይቅ፣ ላም፣ ብስክሌት። እንዲህ ያለ ቀን አሳልፌ አላውቅም ብዬ። ዛሬ ገጹን ቀድጄ ጣልኩት። አባቴ የተቀበረው ያን ቀን ነው። ረቡዕ ባሕር ዳር ሞተ፣ ሐሙስ ተቀበረ። እህቴ ታውቃለች። ባሌ ያውቃል። እኔ ብስክሌት እነዳለሁ።

እሑድ ከሰዓት ገባሁ። ባሌ ብርሃኑ ኤርፖርት ተቀበለኝ። ሻንጣዬን አነሳ፣ መንገዱ እንዴት ነበር አለ፣ እራት ይዞ ጠበቀኝ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ትላንት ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መኰንን፣ ጎረቤቴ አልማዝ፣ ከኋላቸው ከጎረቤት ከተማ ከጋርላንድ ድረስ የመጡ ሴቶች።

መርዶ በማለዳ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ሰዓቱ ተዛብቶብኝ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት፤ ጭንቅላቴ ገና እዚያ ነው። እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ የመጡ መሰለኝ። በሥራ ምክንያት በጠዋት መጡ አልኩ። ግቡ ግቡ። ከሻንጣዬ ቸኮሌት አወጣሁ፣ ለሁሉም አደልኩ። ከዚያ ስልኬን ከፈትኩ። ይኸውላችሁ ሐይቁ። ይኸውላችሁ እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብስክሌት ላይ፣ ጋሼ ይዩ እንጂ። ጋሽ መኰንን ቸኮሌቱን በእጃቸው እንደያዙ አቀረቀሩ። አልማዝ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ያኔ ነው ሁሉም ጥቁር መልበሳቸውን ያየሁት።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ጁላይ 22

ከዛሬ ጀምሮ ባሌ "ብ." ነው። ሙሉ ስሙን ልጽፍለት አልፈልግም። እህቴ ትዕግስትም "ት." ነች። ይበቃታል።

ብ. ሰው ሲኖር አጠገቤ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ይጠርጋል፣ ለመጣው ሁሉ ወንበር ይስባል። ሰው ሲወጣ አላናግረውም። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። መቼ ነው የሰማኸው አልኩት። ረቡዕ ጠዋት አለ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

"ማለቴ፣ ለቀብሩ እኮ አትደርሺም ነበር። ሶ፣ ቬኬሽኗን ለምን ስፖይል እናድርግባት ብለን ነው።"

ብለን! እኔ ሳልኖር በእኔ ሐዘን ላይ ስብሰባ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ቬኬሽን። የአባቴን ሞት እንደ ዝናብ አየው፤ ሽርሽሬን እንዳያበላሽብኝ።

አሁን ፌስቡክ ከፈትኩ፤ መክፈት አልነበረብኝም። ሐሙስ ከሰዓት የለጠፍኩት ፎቶ አለ። ቢጫ ቲሸርት፣ ሄልሜት፣ ጥርሴ እስከ መንጋጋዬ። ከሥሩ "ሕይወት እንዲህ ናት!" ብያለሁ። አልማዝ ልብ አድርጋለች። ሞቱን የሚያውቁት ሁሉ ልብ አድርገዋል። ብ. ራሱ ልብ አድርጓል! ልብ የሌለው ሰው ልብ ይልካል። ባሕር ዳር ያለው የአጎቴ ልጅ ምንም አላለም። አይቶታል ግን። ድንኳን ውስጥ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይታየኛል፤ የሟች ትልቋ ልጅ ይህቻት፣ ትፈነጫለች። ዓይናቸውን እያበሱ እኔን ያያሉ።

ሰው ምን ይላል አትበይ ይላል ብ.። እላለሁ። አባቴ ነው፣ እላለሁ።

ፎቶውን አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 23፣ ከሰዓት

ሳምንቱ ሆነ። የቀደድኩትን ገጽ መልሼ ልጻፈው። አሁን እያወቅኩ።

ጠዋት፣ በርን ከተማ፣ የት. ቤት። ዓይኗ አብጧል። ምን ሆንሽ? አለርጂ ነው፣ የሣሩ ነገር ነው አለች። አመንኩ። ብስክሌቶቹን ተከራይተናል፤ ዕቅዱ ቀድሞ የተያዘ ነው፣ እኔው ነኝ ስጨቀጭቃት የከረምኩት። ባቡር ላይ ጭነን ሙርተን የሚባል ቦታ ወረድን። በግንብ የታጠረች ሚጢጢ ከተማ። በየመስኮቱ አበባ። ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ቡና ይጠጣል፣ ውሻው እንኳ ቀስ ይላል። ያን ቀን ነፍሴ ረክታ ነበር። ዛሬ ያ እርጋታ ያንገበግበኛል። እንዲያ በተስተካከለ አገር ውስጥ ሞት ማን ትዝ ይለዋል!

ከከተማው ስንወጣ ሜዳ ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ እስከ ዓይን ጥግ። በየመገንጠያው ብስክሌት የተሳለበት ቀይ ምልክት። ማንም ጡሩምባ አይነፋብሽም። እዚህ ኧርቪንግ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ካየሽ መኪናው ተበላሽቶበት ነው። እዚያ ሽማግሌውም አሮጊቷም ይነዳል፤ ሲያልፉን ሰላም ይሉናል። እኔም ለሁሉም ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ሞኝ!

ከዚያ ቦዩ፤ ሁለቱን ሐይቆች የሚያገናኘው ውሃ። ዛፍ ጥላ፣ ቆሞ የሚጠብቅ ረጅም ወፍ። ት. ሁልጊዜ ከፊት ነች። የማየው ጀርባዋን ብቻ ነው። ምን ያስቸኩልሻል እያልኩ እስቃለሁ፤ ባሕር ዳር እንዳደግንበት፣ በዘንባባው ሥር እንደምንሽቀዳደመው። ሁለታችንንም ያስተማረን አባባ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ ከዚያ ሳይነግርሽ ይለቅቅሻል። ዞር ስትይ ሩቅ ቆሞ ያጨበጭባል። ይህን ለት. ከኋላዋ እየጮኽኩ አወራላታለሁ፤ ታስታውሺያለሽ? ታስታውሺያለሽ? ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። አትዞርም። ፊቷን እንዳላይ መሆኑ አሁን ገባኝ።

ምሳ፣ ፈረንሳይኛ የሚናገሩበት ሐይቅ ዳር መንደር። ክሬም የተቀባ ጣፋጭ ዳቦ አላቸው። የራሴን በላሁ፣ እሷ ያልነካችውንም ደገምኩ።

አሁን ከምሳ በኋላ ሐይቁ ዳር የተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር። ይህን መጻፍ ያስጠላኛል። ውሃው ጣና ይመስላል፤ አባባን እንደውልለትና በቪዲዮ እናሳየው አልኩ። ት. ስልኬ ላይ እጇን ጫነች። ባሕር ዳር ኔትወርክ የለም፣ ከትላንት ጀምሮ ተቋርጧል አለች። አመንኩ፤ ስንቴ ተቋርጦ ያውቅ የለ? ውሸቱ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃት። እንግዲያው ቪዲዮ እንቅረጽለት፣ ኔትወርክ ሲመጣ ያየዋል አልኩ። ስልኬን ሰጠኋት። ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። አባባ፣ ይኸው እየነዳሁ ነው፣ ሐይቁ ከጣና አይበልጥም፣ አትቅና፣ እጄን ልልቀቅ? ብዬ ሁለት እጄን አነሳሁ። ላክሁለት። ባሕር ዳር ያን ሰዓት ከቀብር ተመልሰው እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

እሷ ቀረጸች። አላስቆመችኝም። አንቺ ልጅ፣ ሰው ነሽ? ለሞተ ሰው እጄን ሳወዛውዝ እንዴት ቆመሽ ታያለሽ?

ይቅር አልላትም። ጻፈው ደብተር፣ በትልቁ። አልላትም።

ዓርብ፣ ጁላይ 24

ብ. ዛሬ ጠዋት ዜና አመጣ። ት. ነገ ትገባለች። ትኬቷን የቆረጡት ሳልጠየቅ ነው። ይህም "ብለን" ነው። እዚህ ቤት እግሯ አይረግጥም፣ አልማዝ ጋር ትረፍ አልኩ። እሱ ጋሽ መኰንንን ጠራ። ሽማግሌ መሆኑ ነው።

ጋሽ መኰንን መጡ፣ ተቀመጡ። ስለ ይቅርታ ተናገሩ። አክባሪያቸው ነኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ከዚያ ግን ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ቢሆኑ የአባትዎ አፈር ሳይደርቅ ሽርሽር ቢያወጡዎት ምን ይላሉ አልኳቸው። እሳቸውም፣ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም፣ የሚይዝ የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ሊኖር ይገባል፣ በዚያ አገር ደግሞ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ አሉ። ወድቀሽ ብትቀሪ ማን ያነሳሽ ነበር?

ትክክል ነው። ሥርዓቱ ይህ ነው። ታዲያ ለት. ማን ነገራት አልኩ።

ብ. ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ማንም አልነገራትም አለ። የአጎታችን ልጅ የሰማች መስሎት ለቀብሩ ነገር ሊማከራት ደወለላት። ሥራ ላይ ነበረች፤ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፣ ለአንዲት አሮጊት ሾርባ እያጎረሰች። ስልኩን ዘጋች፤ ማጉረሱን ቀጠለች። ሺፍቷን ጨርሳ ከወጣች በኋላ ለብ. ደውላ መንገድ ላይ አለቀሰች። ሽርሽሩን ልተወው፣ አሁኑኑ ልንገራት አለች። ቤተሰቡም ብ.ም እምቢ አሉ። በአባትሽ አጥንት ብለው አስማሏት። ልማድሽን አትቀይሪ፣ እንዳትጠረጥር አሏት። ያን ሁሉ ሰምታ ቤት ስትገባ እኔ ሶፋዋ ላይ ተጋድሜ የነገው አየር እንዴት ነው እላታለሁ።

"ሺ ወዝ ስትሮንግ፣ ማለቴ፣ በጣም ነው የቻለችው" አለ ብ.፣ እንደሚያሞግስ ሰው።

ተነሥቼ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ቪዲዮውን ከፈትኩ። እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ራሴን ማየት ስላልፈለግኩ። ዛሬ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። የኔን ጩኸት ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ ያለውን። ትተነፍሳለች። አጭር አጭር፣ ዳገት እንደወጣ ሰው። መጨረሻ ላይ ነይ አንቺም ግቢ፣ አባባ ይይሽ እላታለሁ። "አንቺን ይይሽ" ትላለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጫማዋ ይታያል፣ ጠጠሩ ይታያል፣ ያልቃል።

ንዴቴ በርዷል? አልበረደም። ጨምሯል። ለእኔ የሚደግፍ ሰው ፈለጉ፤ ለእሷ ስልክ በቃት። እኔን እንዳይነኩ እሷን አቃጠሉ። እኔ ትልቋ ስለሆንኩ ነው? ባሌን ስለሚያከብሩ ነው? እሷም እሷ ነች፤ እምቢ ማለት ትችል ነበር፣ አፍ አላት። ሁለት ልጆቹ ነን። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቃቅፈን ማልቀስ ስንችል አንዷ ዳቦ በላች፣ አንዷ ተሰውራ ተነፈሰች። ይህን የወሰዱብኝን ማን ይመልስልኛል? ቀብሩን አይደለም። ያችን ወንበር።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 25፣ ረፋድ

ብ. ቁልፉን ይዞ ቆሟል። እኔ ፒክ አደርጋታለሁ፣ ውጭ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃታለሁ፣ አንቺ ዕረፊ ይላል። በር ላይ አንሥቶ፣ መንገድ ላይ አረጋግቶ፣ አለስልሶ ሊያስገባት። እንደገና ሊያስማላት።

አይሆንም። ቁልፉን ተቀበልኩት።

አልማዝ ጋ ደወልኩ፣ ጥቁር ልበሽ አልኳት። የጋርላንዶቹን ሴቶች እሷ ትጥራ። ጋሽ መኰንንን ራሴ ደወልኩላቸው፤ ጋሼ፣ አንድ መርዶ ቀርቶብናል፣ ይምጡልኝ። ለማን አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ እመጣለሁ ልጄ አሉ።

ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ የሚወጣበትን በር አውቀዋለሁ። በየቀኑ በዚያ በር ዊልቼር እገፋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ያያሉ፤ ይዩ። ሱፐርቫይዘሯ ትመጣለች፤ ትምጣ። ፖሊስ ምንድነው ይላል፤ ጋሽ መኰንን ያስረዱታል። ት. ሻንጣዋን እየጎተተች ስትወጣ እኔን ታያለች፣ ከኋላዬ ሴቶቹን ታያለች፣ ይገባታል። እንዲገባት ግን አልተውም። በአፌ እነግራታለሁ። አልማዝ በአንድ በኩል ትይዛታለች፣ እኔ በሌላው። ከወደቀች አብሬያት እወድቃለሁ።

ይቅር አላልኳትም። ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ኔትወርኩ እጠይቃታለሁ፤ ቤት ስንገባ፣ በሩን ዘግቼ፣ መልስ እስክትሰጠኝ። ብ.ም ወረፋውን ይጠብቃል። እሱ ሁሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ግን አባቷ መሞቱን ሰው ይንገራት።