የወ/ሮ በለጥሻቸው ቃሊ ሕይወትና የጓሯቸው እንሰት

ወ/ሮ በለጥሻቸው ከአባታቸው ከአቶ ቃሊ ዘርጋና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወሰንየለሽ በ1947 ዓ.ም. በጉራጌ፣ ጉመር ወረዳ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጫካ ግርጌ ተወለዱ። አገሩ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት፣ ምንጩ በጋ ከክረምት የማይደርቅበት፣ ጠዋት ጉሙ ደጃፍ ድረስ የሚገባበት ደጋ ነው።

እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው በ1965 ዓ.ም. አቶ ማሙሸት ወልደ ሚካኤልን አግብተው ወደ አዲስ አበባ መጡ። መሳለሚያ እየኖሩ መርካቶ ቆጮ ተራ ዕድሜያቸውን ሙሉ ነገዱ፤ ሃብታሙንና ኤልሳቤትን ወልደው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ልባቸው ግን አገር ቤት ጓሯቸው ነበር። የእንሰቱን ዘር ሁሉ በየስሙ ያውቃሉ፤ አብልጠው የሚሳሱለት ለተሰበረ አጥንት ተቀቅሎ የሚበላው ጓርዬ የተባለው ዘር ነው። በዚያ ሰፈር ከሌላው ቤት ሁሉ ጠፍቷል።

በ2013 ዓ.ም. አቶ ማሙሸት አርፈው አገራቸው ተቀበሩ። እንደ ወጉ ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ቢላዋ ይዞ መጥቶ ለለቀስተኛው ምግብ ማቅረቢያ ከጓሯቸው ኮባ ቆረጠ። ማንም ክፉ አላሰበም። የእንሰት በሽታ ግን በስለት ይተላለፋልና ዓመት ሳይሞላ ጓሮው ጠወለገ። የተረፈው በጫካው ወሰን ያለው ጓርዬ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበራቸውም። ጓሮውን ለሚጠብቁት ለባላቸው ወንድም ለጋሼ ቶማስ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ቢላዋውን በእሳት ለበለባችሁት?» ይሉ ነበር። የሱቅ ጎረቤታቸው ወ/ሮ ዘኪያ «እትዬ፣ ሰው ታሞብዎት ነው እንዴ?» ብለው ቢቀልዱም እሳቸው ፈገግ አላሉም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ70 ዓመታቸው አረፉ፤ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀበሩ። ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ለምን አገሯ አልተወሰደችም ብላችሁ የተቆጣችሁ ዘመዶች አላችሁ። እኛ ቤተሰቦቻቸውስ መች ወደድን! ባላቸው አጠገብ ማረፍ የዘወትር ምኞታቸው ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ግን «በእኔ ለቅሶ ጓሮው ቢላዋ እንዳይገባበት፣ እዚሁ ቅበሩኝ» ብለው አስማሉን። ሰሞኑን ደግሞ የአንዱ ጓርዬ ቅጠል መጠውለጉን ጋሼ ቶማስ ነግረውናል። ውርጭ ይሁን በሽታው ገና አልታወቀም፤ በጣም ፈርተናል። ለቅሶ ልትደርሱ ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ፣ በሞቴ፣ ከአጥሩ ውጭ ተቀመጡ።

እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለጓርዬው ዕድሜን ይስጥልን።